ሁለቴ ይመታና አንዴ ይዘላል

ቅዠት ነው የሚለኝ ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን በቀን ብርሃን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እማዬ መኝታ ክፍል ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

እማዬ የልብ ሕመምተኛ ናት። ጣቷ ላይ የሚሰካው መሣሪያ የልቧን ምት ወደ ቁጥር እየቀየረ፣ በየሰከንዱ በመቶ የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ወደ አሮጌው ኮምፒውተሬ ይልካል። ምቷ ሲወርድ እንዲጮህ ፕሮግራሙን ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ... ኮምፒውተሩ ሜሞሪ እያለቀበት ቀጥ ይላል። ባለፈው እሱ ደንዝዞ ሳይጮህ እማዬ ራሷን ሳተች። እግዜር ነው ያተረፋት።

"ሆዳሙ ዛሬም ጠገበ?" ትለኛለች ኮምፒውተሩን እያየች፣ እየሳቀች።

እውነቷን ነው። ፐርል ለአንዲት ፍሬ ቁጥር እንኳ ሜሞሪው ላይ ትልቅ ሳጥን ነው የሚሰጣት። እኔም "ፓክ" በሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዷን ቁጥር አንድ ባይት፣ የአንዲት ፊደል ቦታ ብቻ አድርጌ፣ ሁሉንም ስትሪንግ በሚባል አንድ ረጅም የፊደል ሰንሰለት ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው።

ሆዳሙ አደብ ገዛ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ስትሪንጉን ስለካው... ርዝመቱ ከሚገባው እጥፍ ሆነ።

ኮዱን ደጋግሜ አየሁት። ስህተት የለውም።

ቁጥሮቹን መልሼ ፈታኋቸው። ከእያንዳንዱ የእማዬ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ገብቷል። ለያይቼ ስክሪኑ ላይ በሁለት መስመር ሣልኳቸው።

አንዱ የእማዬ ነው። ፈጣን፣ ደካማ።

ሌላውም የልብ ምት ነው። ሁለቴ ይመታና አንዴ ይዘላል...

ክው አልኩ። የአባዬ ልብ እንደዚያ ነበር የሚዘለው። እሱን ደግሞ ከቀበርነው ቆይተናል።

"እማዬ..." አልኳት በሹክሹክታ። "እጅሽን የነካው ሰው አለ?"

"አባትህ ነዋ።" ዓይኗን አልገለጠችም።

"አባዬ እኮ..."

"ዝም በል። እንሂድ እያለኝ ነው።"

ስክሪኑን አየሁት። የእማዬ መስመር ዝግ እያለ ነው።

ፕሮግራሙ ግን አልጮኸም። ሁለቱን ምት ደርቦ ስለሚቆጥር፣ ለእሱ ምንም አልጎደለም።

መሣሪያውን ከጣቷ መንጭቄ ወረወርኩና እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። በረዶ ሆኗል።

"አትሂጂ! እማዬ፣ በሞቴ አትሂጂ!"

ትንፋሿ ተመለሰ። ዓይኗን ገለጠች፤ እንባ ሞልቶታል።

"ለቀቀኝ..." አለች።

አቅፌያት አለቀስኩ። መሣሪያው ወለሉ ላይ ወድቋል። የማንም ጣት ላይ የለም።

ቀና ስል ስክሪኑ ላይ አሁንም ሁለት መስመር ይሄዳል።

አንዱ ሁለቴ ይመታና አንዴ ይዘላል።

ሌላው የእማዬ አይደለም። ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የደነገጠ ሰው ምት ነው...

ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ምቴን ከዚያ መስመር ጋር ቆጠርኩ።

አንድ ላይ ነው የሚመቱት።