የወንጭፍ ጠጠር

«ጀሚል ዛሬም አልመጣም?» አለች ሔራን።

ሰልዋ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሁለት ልጆች ከዚህና ከዚያ ተቀምጠው የሚወዛወዙበት ጣውላ ላይ ሔራን ብቻዋን ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ሌላ ልጅ በወዲያኛው በኩል ሊወጣ ሲል «ተይዟል» ትላለች። እንዲህ ስታደርግ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ሰልዋ ሰባተኛ ክፍል ናት። ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አክስቷ በምታስተምርበት አፀደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ትጠብቃለች። ታናሽ ወንድሟ ጀሚልም እዚያው ነው የሚማረው፤ ወባ ይዞት ቤት ዋለ እንጂ። እስከ አምና ድረስ ጀሚል ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረውም። የአገዳ መኪና ስትሠራለት ከአጠገቧ አይነሳም፤ ጥንቅሽ ስትልጥለት የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእሷ ይሰጣል። ዘንድሮ ሔራን መጣችና መኪናውም ጥንቅሹም ለሔራን ሆነ። ትናንት በትኩሳት ሲቃዥ፣ ሰልዋ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ተቀምጣ፣ እሱ የጠራው ሔራንን ነው። በአምስት ዓመት ልጅ መቅናት ያሳፍራል። ቢሆንም ቀንታለች።

«አይመጣም» አለቻት። «ገጠር፣ ዋጃ፣ አያታችን ዘንድ ሄዷል። ማሽላው ላይ ወፍ ይጠብቃል፤ እስኪታጨድ አይመለስም።»

ለቆቦ ልጅ ይህ የሚታመን ነገር ነው። ጥቅምት ገብቷል፣ ማሽላው አሽቷል፤ በዚህ ወር ስንቱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ይውላል። ሰልዋ ያሰበችው ሔራን ትንሽ አልቅሳ ሌላ ጓደኛ ትይዛለች ብላ ነበር። ሔራን ግን አላለቀሰችም። ከጣውላው ወርዳ አጥሩ ሥር ተንበረከከች፤ የጨዋታው ሰዓት እስኪያልቅም ከዚያ አልተነሳችም። ሰልዋ በሆዷ «ተገላገልኩ» አለች።

ልጆቹ ሲሰለፉ ሔራን እየሮጠች መጣችና በሁለት እጇ ያፈሰችውን ጠጠር የሰልዋ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። ሁሉም ድብልብል ነው፤ አንድ በአንድ የተመረጠ፣ አቧራው በቀሚስ የተጠረገ።

«ለወንጭፉ ነው» አለች። «ነገም እለቅምለታለሁ። ወፎቹ ቶሎ ከሄዱ እሱም ቶሎ ይመጣል አይደል?»

ሰልዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወደ ቤት ስትመለስ ጠጠሩን መንገድ ዳር ልትደፋው ሁለት ጊዜ ቆማ ነበር። ለምን እንዳልደፋችው ራሷም አታውቅም።

ጀሚል ትኩሳቱ ለቆት፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጠጠሩን ሲያይ ደስ አለው፤ አንዱን አንስቶ ሌላውን እያስቀመጠ ሁሉንም አየ።

«አንቺ ነሽ የለቀምሽልኝ?» አለና አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

እንዲህ ካቀፋት ስንት ጊዜው! «አዎ» ማለት ብቻ ነው የቀራት። ማንም አያውቅባትም። እጆቹ ገና ትንሽ ይሞቃሉ።

«ሔራን ናት የላከችልህ።»

ጀሚል እጆቹን ከአንገቷ ላይ አነሳ። «ለምን?»

«ለወንጭፍህ። ወፍ የምትጠብቅ መስሏት።»

«የምን ወፍ? ማን አላት?»

ሰልዋ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ» አለች።