የሆሬስ ሎሪንግ ፊርማ

ኦልደን ቫን ዎርመር ሞቶ የተገኘው ከወንበሩ ተንሸራትቶ፣ ግንባሩን የጠረጴዛው እግር ላይ አስደግፎ ነው። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። የቶሊቨር ሚልስ ከተማን ሰው ከሬሳው ይልቅ ያስደነገጠው ይህ ባዶ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ላይ መሆን የነበረበት የፒያትና ሎሪንግ ኤክስፕረስ ኩባንያ የአክሲዮን ሰርተፍኬት ነዋ! ያውም መሥራቹ ሆሬስ ሎሪንግ በገዛ እጁ የፈረመበት። ሎሪንግ በዚያ በድሮው ዘመን ወርቅና ደብዳቤ በፈረስ ጋሪ እያመላለሰ የከበረ ሰው ነው፤ መፈረም ግን ስለሚሰለቸው ሥራውን ለጸሐፊዎቹ ትቶት ነበር። እሱ ራሱ የፈረመው ወረቀት በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ጨረቃ ላይም ሌላ የለም እላለሁ።

መርማሪዋ ዶሬታ ዚሊንስኪ ከባፋሎ ተጠርታ መጣች። ዶሬታ ማለት ሰው ሰላም ስትል ቁርሱን ምን እንደበላና ለማን እንደዋሸ አብራ የምታውቅ ሴት ናት። በኤሪ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ሌቦች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩት በእሷ ስም ነው።

ሐኪሙ ልቡ ነው ያቆመው ብሏል። የልብ ኪኒኑ ብልቃጥ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ አልተከፈተም። ወረቀቱ ግን የለም።

«ልቡ አይደለም የገደለው፣ ሉሲየን ዶር ነው!» አሉ የሟቹ ጓደኛ ዶክተር አንሰል ቲቢትስ። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ እሳቸውም አሮጌ አክሲዮን ይሰበስባሉ። «ወረቀቱን የሸጠለት እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ‹መልሰህ ሽጥልኝ› አለው። ኦልደን ‹ሞቼ ነው!› አለው። ይኸው ሞተ፤ ወረቀቱም ሄደ። ምን ቀረሽ? እሰሪው እንጂ!»

ዶሬታ ግን በበሩ ውስጠኛ ጎን ያለውን የእንጨት ትሪ ታያለች። ትሪው ላይ የሟቹ ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ማበጠሪያና ቁልፎች ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው ዶክተር?»

«ሕጋችን ነዋ! ወረቀት ከመውጣቱ በፊት እጅ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ኪስ ይገለበጣል። እስክሪብቶ ቢያንጠባጥብስ? ቁልፍ ቢቧጭርስ? ኦልደን አንዴ ፓስተራችንን ሱሪያቸውን ሊያስወልቃቸው ምንም አልቀረው።»

«እሱ ራሱስ?»

«ከሁሉ በፊት እሱ! ኪሱ ውስጥ አንዲት የክብሪት እንጨት አትገኝም።»

ሉሲየን ዶር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁለት ፖሊሶች ይጠብቁታል። መሸት ሲል ወይ በካቴና ይወሰዳል ወይ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ፊቱ ከወረቀት የነጣ ነው።

«እኔ የምበላው በስሜ ነው» አላት። «አንዲት ሌሊት ከታሰርኩ ከእኔ ማን ይገዛል? አለቀልኝ በቃ።»

«ወረቀቱን ለምን መልሰህ ፈለግከው?»

«ናፈቀኝ።»

«ወረቀት?»

«አንቺ ማንም ናፍቆሽ አያውቅም? ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌ አገኘሁት፤ ሞኙ እኔ ሸጥኩት፤ ከዚያ እንቅልፍ አጣሁ። ሳቂ፣ ሚስቴም በዚሁ ስቃብኝ ነው የሄደችው።»

ዶሬታ አልሳቀችም።

ማእድ ቤት ውስጥ የሟቹ ሚስት ዊኒፍሬድ የኮክ ፓይ ቆርሰው አቀረቡላት። ከዩቲካ እስከ ናያጋራ እንዲህ ያለ ፓይ አይጋገርም።

«እዚያ ክፍል ገብተው ያውቃሉ፣ ሚስስ ቫን ዎርመር?»

«እኔ? ከተጋባን ጀምሮ ደፉን አልፌ አላውቅም። ‹እጅሽ እርጥብ ነው› ይለኛል። ታዲያ ሁሌም እርጥብ ነው፤ ሳህኑን ማን ሊያጥብለት ነው?»

«ጣትዎ ምን ነክቶት ሰማያዊ ሆነ?»

ሴትዮዋ ጣታቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ብሉቤሪ ነው ልጄ። አይለቅም።»

ዶሬታ የኮክ ፓይዋን ጨርሳ አመሰገነችና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከኪኒኑ እንጀምር» አለች። «ሰዓቱ ትሪው ላይ ነው፣ ማበጠሪያው ትሪው ላይ ነው። ኪኒኑ ብቻ ኪሱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዶክተሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ጌታዬ! እንዴት አላየሁትም!»

«ኪኒኑም ትሪው ላይ ነበር። ሰውዬው ሲወድቅ ሊደርስበት አልቻለም። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው አንስቶ ኪሱ ከተተለት፤ እያለው ሳይውጠው ሞተ እንዲባል። ይህን የሚያደርግ ሕጉን የማያውቅ ሰው ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁታል። ሉሲየንም ያውቀዋል።»

ሁሉም ወዴት ማየት እንዳለባቸው ገብቷቸዋል፤ የሚያይ ግን ጠፋ።

«ወረቀቱስ?» አለ ሉሲየን።

«የሚስስ ቫን ዎርመር ጣት ሰማያዊ ነው። ፓዩ ግን የኮክ ነው፤ ቤቱ ውስጥም ብሉቤሪ የለም፣ ፈልጌያለሁ። የፊርማው ቀለም ነው፤ እርጥብ ጣታቸው ላይ ለቋል።»

ዊኒፍሬድ እጃቸውን ከሽርጡ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ሲወድቅ ሰማሁ» አሉ። «ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ እንዲያው ሮጬ ገባሁ። ትሪው ላይ ኪኒኑን አየሁት። ላነሳው እጄን ስዘረጋ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹እጅሽ! እጅሽ እርጥብ ነው፣ ወረቀቱን እንዳትነኪ!› እየሞተ እኮ ነው። እሺ ኦልደን፣ ላድርቀው አልኩት። ወረቀቱን አነሳሁና አደረቅሁበት። ጣት በጣት። ያየኛል። ስጨርስ እሱም ጨርሶ ነበር።»

«ወረቀቱ የት አለ?» አሉ ዶክተሩ በሹክሹክታ።

«ቦጫጭቄ ከድንች ልጣጩ ጋር ደፋሁት።»

ዶሬታ ስልኳን አንስታ ለዐቃቤ ሕጉ ደወለች። ሰውየው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር።

«ኪኒኑ ያድነው ነበር?»

«ሐኪሙ አላውቅም ይላል።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልክሰሳት? እጇን አደረቀች ብዬ? ዳኛው ፊት እንዲህ ልበል?»

ስልኩን ዘጋችው። ዊኒፍሬድ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ካፖርታቸውን ለብሰዋል።

«እንሂድ ልጄ።»

«የትም አልወስድዎትም።»

«ገደልኩት እያልኩሽ?»

«ሰማሁ። ግን የማደርገው ነገር የለኝም።»

አሮጊቷ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተመልሰው ተቀመጡ። ዶሬታ ዚሊንስኪ፣ ያቺ የወንበዴ ሁሉ መቅሠፍት፣ ወለሉን ታያለች።

«ሉሲየን፣ ሂድ። ነፃ ነህ።»

ሉሲየን አልተንቀሳቀሰም። «ቀለሙ ለቀቀ አልሽ?»

«ለቀቀ።»

«ሎሪንግ የፈረመው በጥንቱ የብረት ቀለም ነው። ያ ቀለም ወረቀቱን ይበላዋል እንጂ በእርጥብ እጅ አይለቅም። በጭራሽ አይለቅም!»

«አውቃለሁ» አለች ዶሬታ ቀስ ብላ። «ፊርማው የሎሪንግ አይደለም። አዝናለሁ።»

ተነሣና አሮጊቷ ፊት ተንበረከከ። ጣታቸውን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ልክ ወረቀት እንደሚመረምር፣ አንዴ ቀና፣ አንዴ ዘንበል እያደረገ አየው። ብዙ ቆየ። ዊኒፍሬድ አልከለከሉትም።

«እኔም አምኜበት ነበር» አለ በመጨረሻ። «እምላለሁ፣ እኔም አምኜበት ነበር።»

ዶክተር ቲቢትስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ከሉሲየን የተገዛ ነው።

«ሉሲየን» አሉት፣ «ለእኔ የሸጥክልኝስ?»

ሉሲየን የአሮጊቷን ጣት እንደያዘ ቀረ።