በቆሎውን የማረ መርዝ

መርማሪዋ ስትደርስ የቲማቲሙ መደብ እንደ አስከሬን በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። የሸፈኑት የቤቱ እናት ናቸው፤ «እያየሁት መኖር አቃተኝ» ብለው። አንሶላውን ገለጠችው። ግንዱ ተጠማዟል፤ ለጋ ቅጠሉ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጧል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ረግፏል።

«ገዳዩ ከአጥሩ ማዶ ነው!» አለ የበኩር ልጃቸው።

ይህ ልጃቸው በያጅ ነበር። የብየዳ እሳት ዓይኑን ከጎዳው ወዲህ እሱም እናቱም የሚተዳደሩት በዚህ ጓሮ አትክልት ነው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንደበታቸው ቁጥብ ስለሆነ ሰፈሩ «ጋሽ ዝምታ» ይላቸዋል። አትክልቱ መታመም በጀመረበት ሳምንት በአጥሩ ሥር የአረም መድኃኒት ሲረጩ ታይተዋል። በያጁ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ በብረት ዘንግ ክንዳቸውን ሰበረው።

አሁን ሁለቱም ተከሳሽ ሁለቱም ከሳሽ ሆነው ፖሊስ ጣቢያ ቀርበዋል። ጣቢያው እውነቱን እንድታጣራ የላካት ይህችን የዕፅዋት ሐኪም ነው፤ ባልደረቦቿ «ከቅጠል ቃል ትቀበላለች» ይሏታል።

መጀመሪያ ወደ ጋሽ ዝምታ ተሻገረች። ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ረጭተዋል ጋሼ?»

«ረጭቻለሁ።»

«ታዲያ ሲመታዎት ለምን አልተከራከሩም?»

«ምን ብዬ ልጄ? እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ነፋስ ወስዶት ይሆን፣ የሰው እንጀራ ገደልኩ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።»

መርማሪዋ የረጩበትን ቦታ ጎንበስ ብላ አየች። ሰርዶው ሳይቀር ደርቆ ገለባ መስሏል። ወደ ጓሮው ተመልሳ በየመደቡ መካከል በዝግታ ሄደች። አጥሩን ተደግፎ የበቀለው ፎሶሊያ ደህና ነው። መሀል ላይ ካሉት ቲማቲሞች አንድም አልተረፈም። በመካከላቸው የቆመው በቆሎ ግን ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ አረንጓዴ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ በጣሳ የተተከለች አንዲት ቃሪያ አገኘች። እሷም ቅጠሏን ጨብጣለች።

«ቃሪያዋን ማን ተከላት?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናትየው። «ከመደቡ የተረፈ ፍግ ነበረኝና...»

«ፍጉ ከየት የመጣ ነው እማማ?»

«ከራሳችን ነው። የድሮ ክምር ነበረን» አሉ የቀሚሳቸውን ጫፍ እያጠፉ እየዘረጉ።

«ፎሶሊያውስ ደረሰው?»

«አይ፣ ለእሱ አልበቃም።»

ሌላ አልጠየቀችም። በአንድ ጣሳ የጓሮውን ንጹሕ አፈር፣ በሌላው ፍጉ የተደባለቀበትን ሞላች፤ በሁለቱም ፎሶሊያ ዘራችና ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እናትየው እህል በወጉ አልቀመሱም። ልጃቸው ግን ማታ ማታ አጥሩን እያየ ጥርሱን ያፋጫል።

ስትመለስ የፖሊስ ጣቢያው አስር አለቃ ሁሉንም በእናትየው ሳሎን ሰብስቧቸው ነበር። ሁለቱን ጣሳዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በንጹሑ አፈር ፎሶሊያው ቅጠሉን ዘርግቶ በቅሏል፤ ፍግ ባለበት ግን ተጨብጧል።

«ጋሼ የረጩት መድኃኒት ያገኘውን ሁሉ የሚፈጅ ነው» አለች። «ሰርዶውን አልማረም። ነፋስ አሻግሮት ቢሆን በቆሎውንም ባልማረው፤ በቆሎ የሣር ዘመድ ነው። ቀድሞ የሚሞተውም አጥሩ ሥር ያለው ፎሶሊያ በሆነ ነበር።»

በያጁ አንገቱን ደፋ፤ ነገር ግን እጅ አልሰጠም። «ታዲያ ማነው?»

«ሣርን ምሮ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን የሚያጠቃ ሌላ መድኃኒት አለ። የግጦሽ መስክ ላይ ይረጩታል፤ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ላም ትበላዋለች፣ እሷን ምንም አይላትም። መርዙ ግን በሆዷ አልፎ ከእበቷ ጋር ይወጣል። እዚህ የታመመው ሁሉ ፍግ የደረሰው ነው። ከነፋስ የተሸሸገችው ቃሪያ እንኳ አልተረፈች።» ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ ፍጉ ውስጥ ገና ያልበሰበሰ ድርቆሽ አይቻለሁ። የድሮ ክምር አይደለም። እዚህ ቤት ደግሞ ላም የለም።»

እናትየው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ታናሽህ ነው ያመጣው» አሉ ለልጃቸው። «አንተ ሐኪም ቤት በሄድክበት ቀን በጭነት መኪናው አራግፎልኝ ሄደ። 'ወንድሜ አፈሩ ደከመብኝ ማለቱን ሰማሁ' አለኝ። አባቱን ያልቀበረ እጅ የያዘው ነገር ደጄን አይረግጥም ብለህ ምለህ የለ? ምን ላድርግ? ሁለታችሁም ከአንድ ማኅፀን ናችሁ!»

«እትዬ» አሉ ጋሽ ዝምታ፣ «እኔ ስደበደብ ያውቁ ነበር?»

«መርዝ መሆኑን በልጆቼ እምላለሁ አላውቅም ነበር! መርማሪዋ ስለ ፍጉ ስትጠይቀኝ ግን ጠረጠርኩ። ጠርጥሬም ዝም አልኩ።»

በያጁ ከሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ። እሳቸው በደህናው እጃቸው ትከሻውን ነኩት።

«የድብደባው ጉዳይ ፍርድ ቤት ይሄዳል» አለ አስር አለቃው በለሆሳስ።

«አፈሩስ?» አለ በያጁ።

«ቲማቲሙን ነቅለህ ታስወግዳለህ። መርዙ እስኪለቅ በቆሎ ብቻ ዝራበት» አለች መርማሪዋ። «አሁን ከዚያ የሚብስ አለ። ወንድምህ ፍግ የሚያመላልሰው ለእናንተ ብቻ ነው?»

«ለስንቱ ጓሮ!» አሉ እናትየው።

ሁሉም በያጁን አዩት።

«ደውል» አሉት ጋሽ ዝምታ። «የሌላው ሰው አትክልት ደግሞ ሳይሞት።»

እናቱ ቁጥሩን ነገሩት። ዓይኑ ቁጥሮቹን ስላልለየለት አስር አለቃው ስልኩን ተቀብሎ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

የመኪና ሞተር ብቻ ተሰማ። ከዚያም ሞተሩ ጠፋ።

«እማዬ... ሞተች?»

በያጁ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «አልሞተችም። አጠገቤ ናት። መኪናህ ላይ ፍግ አለ?»

«አለ። ላደርስ እየሄድኩ ነው።»

«እንዳታወርደው» አለ በያጁ። «አዙረውና ወደ ቤት ና።»