የቶላ መንፊያ

እመኑ አትመኑ፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ የሚመስለው ካለ ነቀምት ይምጣና ኬኔን ራሷን ይጠይቅ። የአክስቴ ልጅ ናት።

ባለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት...

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኬኔ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የመዘምራን ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ነገ ክላርኔት የምትነፋው እሷ ናት። ከእሷ በፊት ይነፋ የነበረው ቶላ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞቶ አርጆ ተቀብሯል።

አሁን የምነግራችሁን እሷም ለመናገር ታፍራለች።

የቶላ እናት አዴ ቀለሟ የክላርኔቱን መንፊያ፣ ያቺን አፍ ውስጥ የምትገባውን ጥቁር ጫፍ፣ አስከሬኑን አስጨብጠውት ነበር። "አብሮት ይሂድ" ብለው።

ኬኔ ግን ሬሳ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ከፈኑን የምታስተካክል መስላ ወሰደቻት። ነቀምትን ብታስስ ሌላ መንፊያ አይገኝም። ያለ መንፊያ ደግሞ ክላርኔት ምን ያደርጋል? እንጨት ነው።

ማንም አላየኝም ብላ ነበር።

የክላርኔቱን ሻንጣ ከፈተች። ቁልፉ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። የመገጣጠሚያዎቹን ቡሾች ቅባት ቀባች፣ ክፍሎቹን እያዞረች ገጣጠመች። መንፊያዋን ስታነሳ ግን እጇ ቀጥ አለ።

መንፊያዋ ላይ የምትታሰረው ስስ ሸምበቆ እርጥብ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ሳይነካት...

"ዝናቡ ነው" አለች ለራሷ።

ከኪቦርዱ ጋር ልትቃኝ ነፋች። ቀዝቃዛ ክላርኔት መጀመሪያ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከፍ የሚለው በትንፋሽ ሲሞቅ ነው። ይሄኛው ግን ገና ስትጀምር ከፍ አለ።

ዳሰሰችው። ይሞቃል።

በሩ ተከፈተ። የመዘምራኑ መሪ ኦቦ ጂሩ ናቸው።

"ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ጎበዝ ሆነሻል" አሉ። "ቢሮዬ ሆኜ ስሰማሽ ነበር።"

"አሁን ነው የመጣሁት።"

"እንዴ... ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነፋሽ እኮ።"

ክላርኔቱን ቶሎ ቶሎ ፈታታችው። ቶላ ራሱ እንዳስተማራት ማድረቂያውን ጨርቅ በክላርኔቱ ሆድ አሳልፋ ሳበች።

ጨርቁ ቀይ አፈር ይዞ ወጣ። እርጥብ አፈር...

"ኦቦ ጂሩ" አለች በሹክሹክታ። "ሰርቄዋለሁ። ከእጁ ነው የወሰድኩት።"

"ምኑን?"

"መንፊያዋን። ዛሬውኑ አርጆ ይውሰዱኝ፣ ልመልስለት። እባክዎ።"

መንፊያዋን ጨብጣ ወደ እሳቸው ፊት ከፍ አድርጋ ዘረጋች። ያኔ በጣቶቿ መሃል ትንፋሽ ወጣ። ቀስ ያለ፣ የሞቀ። ኦቦ ጂሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ኬኔ በድንጋጤ ልትጥላት እጇን ከፈተች።

መንፊያዋ አልወደቀችም።

አየር ላይ እንዳለች ቀረች... ልክ በቶላ አፍ ቁመት።