ግራው ነጋሪት

በኦሪን አገር በዘውድ በዓል ዕለት ቀኙ ነጋሪት እንደ ነጎድጓድ አጓራ። ወጣቷ መቺ ማዕዶት ግራውን መታችው፤ ትንፍሽ አላለም። ደግማ መታችው። ዝም።

ቀኙ ነጋሪት ንጉሡን፣ ግራው ንግሥቲቱን ያውጅ ነበር። ግራው የሚያስተጋባው ግን የንግሥና ስም ላላት ብቻ ነው፤ ያን ስም የምትሰጠውም የአዝባ ሐይቅ ዘንዶ አውሪት ናት። ወደ እርሷ የሚሄድ ከጠፋ ሰባት ትውልድ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የነበሩት ንግሥታት «የንጉሡ ሚስት» ተብለው ኖሩ፤ «የንጉሡ ሚስት» ተብለው ተቀበሩ።

ንጉሥ ዘርዓም ዘውድ የጫነው ከጦር ሜዳ ለሞት ቆስሎ በቃሬዛ መጥቶ ነው። አጎቱ ራስ ወልደጎህ በሕዝቡ ፊት ማለ፦ «ዘርዓም ሲሞት ስም የሌላት አትገዛም። ዙፋኑ የእኔ ነው፤ እርሷም ወደ በረሃ ትሰደዳለች!»

ማዕዶት በንጉሡ ሚስት በንግሥት ዝማም እግር ሥር ተንበረከከች። «እመቤቴ፣ ስምዎን ይዤ ካልተመለስሁ እጄ ይሰበር!»

አሮጌው ወታደር ባሻ ጎንጤ ተከተላት።

«ባሻ፣ ዳገቱን ይችሉታል? ወይስ ልዘልዎት?» አለችው።

«ምነው ነጋሪቱ የአንቺን ምላስ ባገኘ! ይኸኔ ቤታችን ነበርን።»

ከሐይቁ መግቢያ ላይ ሐይቁን የሚጠብቁ ጭጋግ የለበሱ ጅቦች ከበቧቸው። ጎንጤ ጋሻውን መክቶ ቆመ። «ሂጂ! እኔ ሥጋዬ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አያልቅላቸውም!»

ማዕዶት ሮጣ ከዳርቻው ስትደርስ ውኃው ተሰነጠቀና አውሪት ብቅ አለች።

«የሞቱት ንግሥታት ስማቸውን ይዘው ሄደዋል» አለች። «እኔ ስም አልፈጥርም፤ ከሕያው ወስጄ ለሕያው እሰጣለሁ እንጂ። የሰጠ ሰው ስሙን ያስታውሳል፤ ሌላው ሁሉ ግን የእርሱ እንደነበረ ይረሳል። እናቱም ብትሆን።»

ማዕዶት ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ጎንጤ በአንድ ጉልበቱ ወድቆ አሁንም ይመክታል።

«ውሰጂው» አለች።

ጅቦቹ እንደ ጉም በነኑ። ጎንጤ ደሙን እየጠረገ መጣ፤ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ግራ ተጋባ። «አንቺ ልጅ... ተሳካልሽ?»

«ተሳካልኝ፣ ባሻ።»

ንጉሡ ሳይሞት ደረሱ። ግራው ነጋሪት ሲመታ የቤተ መንግሥቱ ግንብ ተንቀጠቀጠ፤ አዋጅ ነጋሪውም ጮኸ፦ «ዘርዓምና ማዕዶት፣ በአንድ ዙፋን፣ በአንድ ማኅተም! አንዱ ቢያልፍ አንዱ ይገዛል!» ራስ ወልደጎህ ሰይፉን ፈትቶ ከንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረ።

ከሕዝቡ መካከል የልጅቷ እናት እየተጋፋች መጥታ አቀፈቻት።

«እንዴት ያለ ስም ነው!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንቺን አርግዤ ሳለሁ ሴት ከሆነች እንዲህ እላታለሁ ብዬ ነበር። ለምን እንደተውሁት እንጃ።»

ልጅቷ የእናቷን ነጠላ አስተካከለችላት።

«ግድ የለም፣ እማዬ» አለች። «ያምርባታል።»