ተረኛው ያልመጣለት ዘብ

መብራቱ መጥፋቱ በጀኝ። ፊቴን ካላያችሁት እናገራለሁ።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር፤ ሰውም ውሻም ዝም ያለበት። አንድ ሰው ገበያ አምሽቶ፣ ከድንበሩ ምሽግ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይመጣል። ጠላት ከአገር ከወጣ ዓመት አልፎታል። ምሽጉ ባዶ ነው። ባዶ ምሽግ ውስጥ ማን ይስላል?

ሰውየው ሳል ሰማ። ቆመ። ሳሉም ቆመ። ሲሄድ ከላይ ጠጠር ተንከባለለ። አሁንም ሄደ። መንገዱ ዳር ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ፣ ጠመንጃ የተደገፈ ሰው ቆሟል።

«ተረኛዬ፣ መጣህ?» አለው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ሰውየው ድምፁን ያውቀዋል። ሮጠ።

የምሽጉ ሕግ እንዲህ ነበር፤ ዘብ የቆመ አርበኛ፣ ተረኛው መጥቶ ስሙን ሳይጠራው ከቦታው አይነቃነቅም። ጠላት ምሽጉን በከበበባት ሌሊት ተረኛው ይኸው ሰው ነበር። ፈራና በጓሮ በኩል ሸሸ። ዘቡ ግን ስሜ ይጠራል ብሎ ብቻውን ሲተኩስ አነጋ። ጓደኞቹ በገደሉ ሾልከው ተረፉ፤ እሱ እዚያው ቀረ። ሬሳውን ያገኘ የለም። ሸሽቶ የነበረው ሰው ኋላ ዘቡ ከድቶ እንደ ጠፋ፣ በቦታው ሲዋጋ ያደረው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናገረ። ታመነ።

ያ ሰው አባቴ ነው።

አዎ፣ በየዓመቱ በምሽጉ በዓል ፎቶግራፉን ይዤ ከፊት የምሰለፍለት አባቴ። ሊሞት ሲል ነገረኝ። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሴት፣ ይህን አንድ ነገር መናገር አፈርኩ። የዘቡ ልጅ ወለላ የከዳተኛ ልጅ እየተባለች አረጀች፤ ለበዓሉ መጥታ አታውቅም። ዛሬ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «እትዬ መምህርት፣ ነገም አበባውን አንቺ ነሽ የምታስቀምጪው? ያምርብሻል» አለችኝ። የምሯን ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ሕዝብ ፊት የዘቡን ስም እጠራለሁ። ዛሬ በጨለማው ልለማመደው። እስቲ ዝም በሉልኝ። አባቴ ያልሄደበት ተራ አሁን የኔ ነው።

ውብነህ አስረስ!

...«አቤት» ያለው ማን ነው? ከእናንተ ነው?

ታዲያ በሩ ጋ ማን ይስላል?