ጉብታው የያዛት ፀሐይ

ደረሰ በተከራየው ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ግንቦት 2008፣ ፍኖተ ሰላም። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። ስንት ዓመት ፀሐይን ሲጠብቅ የኖረ ልጅ፣ የዚያን ዕለት ስትወጣ ሳያያት ቀረ።

ኢንስፔክተር እህተ ማርያም ከቡሬ ተጠርታ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ሊያለቅስ፣ ግማሹ ሊያይ የመጣ። ሊያይ የመጣውን አባረረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሬሳውን መረመረች። ማጅራቱን የደረጃው ጠርዝ መቶታል። የሸሚዙ የደረት ቁልፎች ተበጥሰዋል። አዳልጦት የወደቀ ሰው የገዛ ቁልፉን አይበጥስም። ከኪሱ ስልኩን አወጣች፦ ያልተነሣ አንድ ጥሪ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከገነነ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ አከራዩ ጋሼ ገብረሰንበት። «ፀሐይ ብቅ ስትል ስልክ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ የሚያነሣው የለም። ወጣሁና… ኧረ ተይኝ!»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከዚያ ከጓደኛው ነዋ፣ ከኢርፋን። ትናንት ማታ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ተጨቃጨቁ። ‹የሱ ስም ለምን ከኔ ስም በላይ ይሆናል?› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«በር ላይ ቆመው ነው የሰሙት?»

«ጆሮ በር አለው እንዴ?»

ኢርፋን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከደረሰ ጋር ባሕር ዳር አብረው ተምረዋል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ምን ነበር የምትሠሩት?»

«ላይብረሪ ነው፣ የኮድ። የትም አገር፣ በየትኛውም ቀን ፀሐይ መቼ እንደምትወጣ ያሰላል። ማንም ፕሮግራም የሚሠራ ሰው በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል፤ ስሕተት ያገኘም ያርመዋል። በዚህ ሰሞን ነው ኢንተርኔት ላይ የለቀቅነው።»

«ከስምህ በላይ የሆነው የማን ስም ነው?»

ኢርፋን አቀረቀረ። «እስከ ቅዳሜ ላልናገር ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ቃል የገባህለት እኮ ሞቷል።»

«ለዚያ ነው የማልናገረው።»

ከደጅ ያለው ሕዝብ ግን ፈርዶ ጨርሷል። ሰው ደግሞ ለመፍረድ መቼ ሰንፎ ያውቃል! አንዱ ፖሊስ ካቴናውን በእጁ እያንቃጨለ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ገነነ ከእናቱ ጋር ደርሷል፤ አባታቸው ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር የጨበጠ፣ ታናሹን አርሶ ያስተማረ ነው።

«በየማለዳው ትደውልለት ነበር?» አለችው።

«አዎ። ማሳችን ከከተማ ውጭ፣ ከጉብታው ሥር ነው። ሒሳቡ ልክ መሆኑን እንዲያይበት፣ ፀሐይ ግንባሬን ስትመታኝ ‹ወጣች!› እለዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እንደ ልማዴ። ጎሕ ሳይቀድ ጠምጄ ነበር። ፀሐይ ሳትመታኝ ደውዬ አላውቅም። እናቴን ይጠይቋት።»

እናትየዋ ወለተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«እማማ፣ ገነነ ዛሬ ጠምዶ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ የሞተውን ልቅበር ወይስ በሬ ልጠብቅልሽ?»

እህተ ማርያም ይህን ልብ አለችው። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው መልሱ ጉሮሮው ላይ አለ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የደረሰን ደረት ይዞ የገፋው ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ነው» አለች። «ኢርፋን፣ ኮምፒውተሩን ክፈት። ዛሬ እዚህ ከተማ ፀሐይ የወጣችው መቼ ነው?»

ኢርፋን አስልቶ ነገራት። የደረሰን ስልክ አሳየቻቸው። «ገነነ የደወለው ልክ ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ገብረሰንበትም የጮኸው ፀሐይ ብቅ ስትል ነው ብለዋል። አሁን በገነነ ማሳ አስላው።»

የኢርፋን ጣቶች እየከበዱ ሄዱ። «ይዘገያል… ሩብ ሰዓት ያህል። ጉብታው ይይዛታል። የጉብታውን ከፍታ ደረሰ ራሱ ነው ያስገባው።»

«የቀደሙት ጥሪዎች ሁሉ ጉብታው የሚይዛትን ያህል ዘግይተዋል። የዛሬው ብቻ አልዘገየም። ገነነ፣ ፀሐይ ሳትመታህ እንደማትደውል አምንሃለሁ። ዛሬም መትታሃለች። ነገር ግን ጉብታ በሌለበት ነው፤ እዚሁ ከተማ።»

«ቸኩሎ ቢደውልስ?» አለ ገብረሰንበት። «ያ ልጅ ሲጮህ የሰማሁትስ?»

ፖሊሱ ኢርፋንን ክንዱን ያዘው። ወለተ ጊዮርጊስ የሰውን ልጅ አየች፤ ቀጥላም የቀራትን አንድ ልጇን አየች። ዝም ብትል ይተርፍላት ነበር።

«ልቀቀው!» አለች ፖሊሱን። «በሬዎቹ ከበረት አልወጡም። ሲያገሱ ነው የነቃሁት፤ የገነነ መኝታም ባዶ ነበር። በኔ ልጅ ጥፋት የሰው ልጅ አይታሰርም።»

ገነነ እንደ ተቆረጠ ዛፍ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ትናንት ከከተማ የተመለሰ ሰው ‹ወንድምህ ያን ሁሉ የደከምክበትን ለዓለም በነፃ በተነው› አለኝ። ሌሊቱን መጣሁ። ‹እኔስ የት አለሁበት?› አልኩት። ‹እስከ ነገ ታገሠኝ› ብሎ ሳቀ። የሳቀብኝ መሰለኝ። ገፋሁትና ሮጥኩ። መንገድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ደወልኩለት…» ወደ እናቱ ዞረ። «ተነሥቶ ያነሣል ብዬ ነው፣ እማዬ። ያነሣል ብዬ።»

ኢርፋን እያለቀሰ ኮምፒውተሩን አዞረለት። «ነገ ገበያ ስትመጣ ሊያሳይህ ነበር። አንተ እንድታነበው ስምህን ከሁላችን በላይ በአማርኛ ፊደል ጻፈልህ። ‹ኮዱን የጻፍነው እኛ፣ የሱ ስም ለምን ይቀድማል?› ብዬ ጮኽኩበት። ‹ፀሐይዋን ያየልን እሱ ነው› አለኝ።»

ገነነ በከንፈሩ አንድ በአንድ ለቀመው። ገ። ነ። ነ።

«የቱ ጋ ነው?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። ፊደል አትቆጥርም። ኢርፋን ጣቷን ይዞ መስታወቱ ላይ አኖረላት። አላነሣቻትም፤ ገነነን ይዘውት ሲወጡም ጣቷ እዚያው ነበረች።

ቅዳሜ ፀሐይ ከጉብታው ጀርባ እንደ ልማዷ ዘግይታ ወጣች። በሬዎቹ በረት ውስጥ ያገሳሉ። ‹ወጣች!› የሚልም፣ የሚባልም አልነበረም።